እህቴ «ዓለም አቀፍ ጥናት» ካልተማርኩ አለች፤ ደመወዙ ዕዳውን ይችላል?

የቡሬው በርበሬ ነጋዴ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ቡሬ ላይ በርበሬ የምነግድ ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ ባሕር ዳር አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። እኔ አካውንቲንግ ግቢ አልኳት። እሷ ግን «አያ፣ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ጥናት ነው የምማረው» ብላ ድርቅ አለች። ምን ልትሆኚበት? ስላት «ዲፕሎማት» አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። ከቤታችን እስካሁን ትልቁ ሹመት የእድር ጸሐፊነት ነው።

ባለፈው ስትመጣ የወጪ መጋራት ውሏን ኮፒ ይዛ መጣች። ሱቅ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ዘርግቼ ነው ያነበብኩት፤ ጠርዙ እስካሁን በበርበሬ እንደቀላ ነው። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው፣ ምግብና መኝታው ደግሞ ሙሉው በእሷ ስም ይያዛል። የምግቡ በቀን 22 ብር የነበረው 100 ገብቷል። በ10 ወር 30 ሺህ፣ በአራት ዓመት 120 ሺህ፤ ያውም ምግቡ ብቻ! ሥራ ስትይዝ ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። የመንግሥት ቤት የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ነው፤ እሱ በወር 1,150 ይሆናል። የምግቡን ብቻ ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

እናታችን «ልጄን አትጫናት» ትላለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ ግን የቤቱ ሂሳብ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። የተማራችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ዳንግላዊት፦
ወንድሜ፣ እኔ ይህንኑ ተምሬ አሁን ወረዳ ነው የምሠራው። መጀመሪያ አንድ ነገር ላርምህ። አካውንቲንግ ብትገባም የምግቡ ዕዳ ያው ነው። ምግብ ቤቱ ዲፓርትመንት አይጠይቅም። የሚለያየው ከተመረቀች በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

እኔ ተመርቄ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት 14 ወር ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ነው። አካውንቲንግ በየወረቀቱ አለ። የእኔ ሙያ በስሙ ተጠርቶ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። የቀረውን «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» በምትለዋ ሐረግ ነው የተወዳደርኩት። አንድ መሥሪያ ቤት ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ ስሄድ «ያንቺ አይዛመድም» ብሎ መለሰኝ። ከፈተናው በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!

በዚያ ሁሉ ወር ወንድሜ ብር ይልክልኝ ነበር። አንዴ ጊደር ሸጧል። ያ ዕዳ የትኛውም ፎርም ላይ የለም፤ እኔን ግን ከወጪ መጋራቱ የበለጠ የከበደኝ እሱ ነው። የመንግሥቱ ዕዳ ሥራ እስክትይዝ ይጠብቃል፤ የጊደሯ ግን አይጠብቅም።

ሌላው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማለትም ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ ነው። ለውጭ አገር ስኮላርሺፕ ላስልክ ስል «መጀመሪያ ወጪ መጋራቱን ጨርሺ» ተባልኩ። ማመልከቻው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። አለፈኝ። እህትህ ውጭ የመማር ሐሳብ ካላት ይህንን ከአሁኑ ትወቀው።

ጎጃሜው በሸገር፦
የዳንግላዋ ያለችው ልክ ነው፤ ግን ልጅቷን ተስፋ አታስቆርጧት። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትም የተመድ የኢኮኖሚ ኮሚሽንም መቀመጫ ናት። እኔ የምሠራው ኤንጂኦ ውስጥ ነው፣ ዲግሪዬ የእሷው ዓይነት ነው። የቀጠሩኝ ግን ሪፖርት በእንግሊዝኛ አጣርቼ ስለምጽፍና ኤክሴል ስለምችል ነው። ክፍል ውስጥ ስለተማርነው ስለ ዌስትፋሊያ ስምምነት የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ፈረንሳይኛ ከአሁኑ ትጀምር። መውጫ ፈተናውን አትናቀው፤ 50 በመቶ ካላመጣች ዲግሪው አይሰጣትም። ማስተርስ ስትል የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስና የእንግሊዝ መንግሥቱ ቺቭኒንግ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ስኮላርሺፖች አሉ፤ ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። በብድር ማስተርስ የሚባለውን ግን እርሱት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የመጨረሻዋን እኔም እደግፋለሁ። እዚህ አሜሪካ የአጎቴ ልጅ ይህንኑ ልትማር ስትል ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍተን አየን። በየኮሌጁና በየሙያው ተመራቂው ስንት እንደሚያገኝ፣ ስንት ተበድሮ እንደወጣ መካከለኛውን ያሳያል። የፌዴራል እርዳታ ያገኙትን ብቻ ስለሚቆጥር ሁሉንም አይነግርህም። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት አንደኛ ዓመት እስከ 5,500 ዶላር፣ ለዲግሪው በጠቅላላ እስከ 31,000 በራሱ ስም መበደር ይችላል። በተማሪ ቪዛ ከአገር ቤት የሚመጣ ልጅ ግን ይህ ብድር አይመለከተውም። እሱ የሚቀረው የግል ብድር ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ እዚህ ያለ ዋስ ይጠይቁታል። እኔ ለሁለት ዘመድ ዋስ ሁኜ አይቻለሁ። ሦስተኛ አልደግምም።

የቡሬው በርበሬ ነጋዴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዳንግላዋ እህቴ፣ የጊደሯን ነገር ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ የቆጠርኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነበር። አዲስ አበባ የምትቀመጥበትን ወር አልቆጠርኩም። አሁን ደብተሬ ላይ «የመጠበቂያ» ብዬ አንድ መስመር አስገብቻለሁ፤ ከአዲሱ በርበሬ ሽያጭ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ላስቀምጥለት።

ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ደወልኩላትና ስለ ፈረንሳይኛው ነገርኳት። ለካ ጀምራ ኖሯል! በስልክ እስከ አሥር ቆጠረችልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበርና እናታችን ሰምታ «ምን እየደገመች ነው?» አለች። ቁጥር ነው ብላት አላመነችም።

አካውንቲንግን ሁለተኛ ምርጫ አድርጊው ብያታለሁ። «አስብበታለሁ አያ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ፎርሙ የሚሞላው ዓርብ ነው።