80 ሊትር ቦይለር ላይ ሌላ ሻወር ብቀጥል ይችላል?

የቆጪው አባወራ፦
ሰላም ናችሁ? ያለሁት ጅማ፣ ቆጪ ነው። ዋናው ቤት ሻወር ውስጥ 80 ሊትር ቦይለር አለን፣ 1500 ዋት ነው። ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለቱ ልጆች እስካሁን በቅቶናል። አሁን እናቴ ከአጋሮ መጥታ ከእኛ ጋር ልትኖር ስለሆነ ጓሮ ያለውን ሰርቪስ አሳደስኩላት። ሻወርም ሽንት ቤትም አለው፣ የጎደለው ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ሳኒተሪ ጠራሁና በእርምጃው ለክቶ «ከቦይለሩ መውጫ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) እናስገባለን፣ 18 ሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) እንስባለን፣ በዚያው ለኩሽናው ሲንክም እናወጣለን፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ። ዋጋውም አልከበደኝም። ግን አንድ ቦይለር ሦስት ቦታ ይችላል ወይ? የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ከጀመረ ማባሪያ የለውም። እናቴ ደግሞ ለሱብሂ በጨለማ ነው የምትነሳው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ስታደርግ ጣቶቿ ይቆረጥማታል። የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ሻይ በቀረፋ፦
በ120 ሊትር ቀይረውና ተገላገል ወንድሜ።

ጡረተኛው ሳኒተሪ፦
ቆይ፣ ለመቀየር አትቸኩል። ሳኒተሪህ አልዋሸህም፣ ቲ ማስገባት ቀላል ሥራ ነው። ግን ቧንቧ ስለጨመርክ ሙቅ ውሃ አይጨምርም፣ ያው 80 ሊትር ነው። 60 ዲግሪ የሞቀውን ከቀዝቃዛ ጋር ስታደባልቀው ለሻወር 120 ሊትር ገደማ ይወጣሃል። በደቂቃ 8 ሊትር ለሚያወርድ ሻወር 15 ደቂቃ ማለት ነው፣ ለአምስት ሰው! አንዴ ካለቀ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ።

እሱንስ በተራ ትታጠባላችሁ። የባሰው 18 ሜትሩ ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ፒፒአር ቀጭን ይመስላል እንጂ በዚያ ርዝመት ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ይተኛበታል። እናትህ ለውዱእ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ያ የተኛው ቀዝቃዛ ነው። ሙቁ ሲደርስ እሳቸው ጨርሰው ዘግተዋል። የደረሰው ሙቅ ደግሞ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ይበርዳል። በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ ነው። መሬት ለማሞቅ ቆጣሪ ታስቆጥራለህ።

ኩሽናው ለዋናው ሻወር ቅርብ ከሆነ እሱን በቲ ውሰድ። ለሰርቪሱ ግን ለብቻው 30 ሊትር ስቀልላቸው፣ በ1500 ዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይሞቃል። ደግሞ ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ቦታ ይምጡ፣ ከሮቶ ከሆነ ሁለቱም ከሮቶ። ቀዝቃዛውን ከመንገድ መስመር፣ ሙቁን ከሮቶ ካደረግህ ጉልበት ያለው ሌላውን ይገፋውና ማደባለቂያው አይታዘዝህም።

ኮሎኝ ያለች፦
እኔ ቦይለር ስትሉ የቤት ማሞቂያው መስሎኝ ገባሁ 😄 ባለፈው ዓመት ሁለት ራዲያተር አስጨምሬ ነበር። ማሞቂያው አቅም አላነሰውም፣ ግን ውሃው በቅርብ በቅርቡ እየዞረ ይመለስና ሩቅ ያለው ክፍል ለብ ከማለት አያልፍም። ባለሙያው መጥቶ የቅርቦቹን የመመለሻ ቫልቭ ጠበብ ጠበብ አደረገው፣ ሩቁም ሞቀ። የእናንተ ውሃ ግን አይዞርም፣ የሄደው ሄደ ነው። ጋሼ እንዳሉት አድርግ።

ባለ ቴስተሩ፦
ሁለተኛውን ቦይለር ከሰርቪሱ የአምፖል መስመር ላይ እንዳትቀጥለው፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አንዱ ብቻ 7 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ባለ 2.5 ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ ግራውንድ የግድ። ሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያም ቢያምርህ ተወው፣ 5500 ዋቱ 25 አምፔር ይፈልጋል፣ የሰርቪስ ገመድ አይችለውም።

የቆጪው አባወራ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 30 ሊትሩን ገዝቼ ትናንት ተገጠመ፣ ኩሽናውን በቲ ወሰድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጋሼ፣ ሲሞቅ ከሥሩ ካለችው ቫልቭ ጠብ ጠብ ይላል። ሳኒተሪው «በታፕ ልድፈነው?» ብሎኛል።

ጡረተኛው ሳኒተሪ፦
በፍጹም እንዳያስደፍንህ! ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ 30 ሊትር እስኪሞቅ ግማሽ ሊትር ገደማ ትርፍ ይሆናል፣ በዚያች ነው የሚወጣው። ብትደፈን ጋኑ ነው የሚፈነዳው። ቀጭን ጎማ አስገባላትና ወደ ፍሳሹ ልቀቃት። ሳይሞቅም ሌት ተቀን የምትንጠባጠብ ከሆነ ግን ቫልቯን ቀይራት።

የቆጪው አባወራ፦
ሲሞቅ ብቻ ነው። ጎማውን ልገጥም ብል እናቴ እምቢ አለችኝ። ጣሳ ደቅናበታለች፣ የተጠራቀመውን ጤና አዳሟን ታጠጣበታለች።