የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ውጤትን ከምን ጋር ላነጻጽር?

ሰላም መምህራን። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። የአራተኛ ክፍል ልጆቼን ብርታት በ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ እየለካሁ ነው፤ ልጆቹ 20 ሜትር በሚራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል እየተመላለሱ የሚሮጡት፣ ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በየደቂቃው በ0.5 የሚጨምረው። ልጆቹ ይወዱታል። የቸገረኝ ውጤቱ ነው። ያገኘሁት የውጤት ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ቆላ ላይ ለሚኖሩ የውጭ ልጆች የተሠራ ነው፤ የኛ ከተማ ግን ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። በዚያ ላይ ሰንጠረዡ በዕድሜ የተከፈለ ሲሆን የብዙዎቹ የልደት ቀን በውል አይታወቅም። በደንብ የሚሮጥን ልጅ «ደካማ» ብዬ ለመመዝገብ ልቤ እሺ አይለኝም። በከፍታ ቦታ የለካችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ እያንዳንዱን ልጅ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ብቻ ባነጻጽር ይበቃል? በየስንት ወሩስ ልድገመው?