«በይሁዳ አእላፋት መካከል»፦ እልፍ እዚህ ቁጥር ነው ወይስ ጎሳ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሚክያስ 5፥2 ላይ ተቸክያለሁ። «አንቺም ቤተ ልሔም ኤፍራታ ሆይ፥ አንቺ በይሁዳ አእላፋት መካከል ትሆኚ ዘንድ ታናሽ ነሽ»። እልፍ ዐሥር ሺህ ነው። አንዲት መንደር ከዐሥር ሺዎች ጋር እንዴት ትወዳደራለች? ማቴዎስ 2፥6 ደግሞ ይህንኑ ጠቅሶ «ገዥዎች» ይላል። ቁጥሩ የት ገባ? «ታናሽ»ስ በብዛት ነው በዕድሜ?

የዜማ ቤት፦
ቀላል ነው። እልፍ ከአልፍ ነው፣ አልፍ በሬ ነው። የፊደሉ ቅርጽ ራሱ የበሬ ራስ ነበር። በኡጋሪት (በጥንታዊት የሶርያ ከተማ) ጽሑፎችም በሬውና ሺሁ በአንድ ቃል ይጻፋሉ። በሬ ያለው አባወራ፣ አባወራው ሲበዛ ጎሳ። አለቀ።

ነጠላ ሰረዝ፦
ኧረ አላለቀም ወንድሜ! ዘዳግም 7፥13 ላይ ቃሉ ለከብት መግባቱ እውነት ነው፤ ማስረጃው ግን ከበረት አይመጣም። 1ኛ ሳሙኤል 10ን ግለጥ። ቁጥር 19 ላይ ዕብራይስጡ «በየነገዳችሁና በየኤሌፋችሁ ቁሙ» ይላል፤ ኤሌፍ በሚክያስ «እልፍ» የተባለው ያው የዕብራይስጥ ቃል ነው። ቁጥር 21 ላይ ንጉሥ ለመምረጥ ዕጣው ሲወጣ ያው እርከን «ሚሽፓኻ»፣ ማለት ወገን፣ ተብሎ ይጠራል፤ ዕጣው የወደቀበትም የማጥሪ ወገን ነው። ስለዚህ ኤሌፍ ከነገድ በታች፣ ከቤተ አብ (ከአባት ቤት) በላይ ያለው ወገን ነው። ጌዴዎንም በመሳፍንት 6፥15 ደካማ የሚለው የራሱን ኤሌፍ ነው። የግእዙ እልፍ ዐሥር ሺህ፣ የዕብራይስጡ ሺህ መሆኑ ነው ያሳሳተህ። «ገዥዎች» የመጣው ደግሞ ተነባቢው ሳይነካ አናባቢው ሲለወጥ «አሉፍ» ስለሚሆን ይመስለኛል፤ ዘፍጥረት 36 ላይ የኤዶም አለቆች የሚጠሩበት ቃል ነው።

አቡጊዳ፦
ነገድስ? ከ«ነገደ» ነው፣ ተጓዘ። ነጋዴና እንግዳም ከዚያው። ነገድ ማለት አብሮ የሚጓዝ ሰፈር ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
ለግእዙ ያምራል፤ ለከነዓን ግን አይሠራም። ዕብራይስጡ ነገድን በበትር ነው የሚጠራው፣ ሼቬጥና ማጤህ። ዘኁልቍ 17 ላይ የየነገዱ አለቃ የሚያቀርበው፣ ሙሴም ስሙን የሚጽፍበት በትር ራሱ ማጤህ ነው።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ልጆች፣ ቤተ አብ የሚለውን ሳታጠሩ ወገን ላይ አትውጡ። እናንተ ቤተ ሰብ ስትሉ ባል፣ ሚስትና ልጆች ይመስላችኋል። ኢያሱ 7ን እዩ። በደለኛውን የሚለየው ዕጣ ከይሁዳ ነገድ ወደ ዛራ ወገን፣ ከዚያ ወደ አካን አያት ቤት፣ ከዚያ ወደ አካን ይወርዳል። አካን የራሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች፣ በሬዎች፣ አህዮች፣ ድንኳንም አለው፤ ቢሆንም የሚቆጠረው በአያቱ ቤት ነው። የአባቱ የከርሚ ስም በትውልዱ ውስጥ አለ፤ ለብቻው እርከን ግን አልሆነም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ይቅርታ መሪጌታ፣ መንደርና ጎሳ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ኤፍራታ ቦታ አይደለችም?

ነጠላ ሰረዝ፦
ሁለቱንም ናት። በ1910 ሰማርያ ላይ የተገኙት በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የወይንና የዘይት መዝገቦች ናቸው። ዕቃው የመጣበት አውራጃ ሆነው የተጻፉት አቢዔዝር፣ ሴኬም፣ ኑዓ፣ ዔግላ የመሳሰሉት ናቸው፤ ኢያሱ 17 ላይ ደግሞ እነዚሁ የምናሴ ልጆችና የሰለጰአድ ሴቶች ልጆች ናቸው። የወገኑ ስም የመሬቱ ስም ሆኖ ለመዝጋቢው ያገለግል ነበር። ለዚህም ነው ዘኁልቍ 36 ርስት ወራሿ ሴት ከአባቷ ነገድ ወገን እንድታገባ የሚያዝዘው፤ ወደ ሌላ ከሄደች መሬቱ ይከተላታል።

አሐዝ፦
ኤሌፍ ወገን ከሆነ ዘኁልቍ 1ን ምን ልታደርጉት ነው? ሮቤል 46,500፤ ኤሌፍን የጦር ጓድ አድርገው «46 ጓድ፣ 500 ሰው» ብለው የሚያነቡ ሊቃውንት አሉ። ደምሩት። የዐሥራ ሁለቱ ነገድ ሺህ ቤት 598 ይመጣል፣ የቀረው 5,550። ጓድ ቢሆን ኖሮ ድምሩ «598 ጓድ፣ 5,550 ሰው» ይሆን ነበር። መጽሐፉ ግን 603,550 ይላል። 5ቱ ሺህ ወደ ላይ ተሻግሯል፤ ደማሪው ኤሌፍን ሺህ ብሎ ነው የደመረው።

የዜማ ቤት፦
ደማሪው ተሳስቶ ቢሆንስ? 😂

አሐዝ፦
ያንን ከደማሪው ጋር ተጨራረስ።

አቡጊዳ፦
ሁላችሁም «አንቺ»ን ዘለላችሁት። ዕብራይስጡ «አታ» ነው የሚለው፣ አንተ። መንደር ቢሆን በሴት ነበር የሚጠራት። የተጠራው ጎሳው ነው፤ «አንተ» መባል ነበረበት።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
በግእዝም በአማርኛም ከተማ ሴት ናት። «ወአንቲኒ ቤተ ልሔም» ተብሎ የገና ለት ሲዜም እየሰማህ አድገህ አሁን አንተ ልትላት ነው?

ነጠላ ሰረዝ፦
1ኛ ዜና 2፥19 ኤፍራታ የካሌብ ሚስት ናት፤ ሆርን ወለደች። ቁጥር 51 ላይ ከሆር ልጆች አንዱ «የቤተ ልሔም አባት» ይባላል። ኤሞርም በዘፍጥረት 34 የሴኬም አባት ነው፤ በመሳፍንት 9፥28 ግን «የሴኬም አባት» ሲባል ከተማይቱ ናት። በዚያ አገር የከተማ አባት ማለት መሬቱ በስሙ የቆመ አውራ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ሴት፣ አባትየው ወንድ፣ መንደሯም ልጃቸው ናት። የፈለግኸውን ጾታ ምረጥ።

አቡጊዳ፦
«አታ» ግን ምርጫ አይሰጥም።

መሪጌታ ነኝ ባይ፦
ሰዋስው ከዜማ በፊት የተማረ ሰው እንዲህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ፣ «ታናሽ»ስ?

የዜማ ቤት፦
ስለ በሬው ግን ማንም አላፈረሰኝም።