በአንድ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በሌላው አገር የመኖር መብት ያስገኛልን?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። የሕግ ተማሪ ነኝ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2018 በኮማን መዝገብ የሰጠውን ውሳኔ ለክፍል ውይይት ሳነብ አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ሮማንያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በፍትሐ ብሔር ሕጓ የማትቀበል ከሆነ፣ ኮማን ከተባለው ሮማንያዊ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ብራሰልስ ውስጥ የተጋባ አሜሪካዊ በሮማንያ የመኖር መብት እንዴት ሊኖረው ቻለ? ፍርድ ቤቱስ የአንድን አገር የቤተሰብ ሕግ መለወጥ ይችላልን?

ጠበቃ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። ፍርድ ቤቱ ሮማንያ እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሕጓ እንድትፈቅድ አላዘዘም፤ የጋብቻ ሕግ የየአባል አገሩ ሥልጣን መሆኑን ተቀብሎ፣ ዜጋዋ በሌላ አባል አገር በእርግጥ ኖሮ፣ በዚያም ቤተሰብ መሥርቶ ሲመለስ፣ የትዳር ጓደኛው ከሦስት ወር በላይ አብሮት እንዳይኖር መከልከሉ የመዘዋወር ነጻነቱን ይጎዳል አለ እንጂ። የኅብረቱን ዜጎችና የቤተሰቦቻቸውን የመዘዋወርና የመኖር መብት በሚደነግገው መመሪያ 2004/38 «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ቃል ጾታ እንደማይለይም ተረጎመ። እውቅናው እንግዲህ ለመኖሪያ መብት ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የሕዝብ ሥርዓት ክርክሩ፣ ማለትም እውቅናው የአገሩን መሠረታዊ እሴት ይጻረራል የሚለው መከራከሪያ ነው። በእኛም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 5 መሠረት በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ የሚጸናው የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ባለበት ይህ ገደብ በያዝነው ጉዳይ ላይ ወዴት እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ሉክሰምበርግ የሚያስችለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን ገደቡን እጅግ አጥብቦ፣ በኅብረተሰቡ መሠረታዊ ጥቅም ላይ እውነተኛና ከባድ አደጋ ካልተደቀነ በቀር መከራከሪያ ሊሆን አይችልም ብሏል።

የመንዝ ተወላጅ፣ ከበርሊን፦
ጠበቃው ያብራሩት ትክክል ነው፤ ሆኖም «ለመኖሪያ መብት ብቻ» ያሉት ዛሬ ጥቂት መታረም አለበት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2025 እዚህ በርሊን ስለተጋቡ ሁለት ፖላንዳውያን ሲወስን፣ በአባል አገር የመዘዋወርና የመኖር ነጻነታቸውን ተጠቅመው የፈጸሙትን ጋብቻ አገራቸው እውቅና ልትነፍገው እንደማትችል ገልጿል፤ ፖላንድ ግን ዛሬም እንዲህ ያለ ጋብቻ በራሷ ሕግ እንድትፈጽም አልተገደደችም።

ጠያቂው ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ነገር፣ መብቱ የሚመነጨው ከመዘዋወሩ መሆኑ ነው። የባለቤቱ ዜግነት አሜሪካዊም ሆነ ኢትዮጵያዊ ለውጥ አያመጣም፤ ከአገሩ ወጥቶ ኖሮ የማያውቅ ሮማንያዊ ግን በኮማን ውሳኔ ሊጠቀም አይችልም።