ወንጪ ለማደር ላሰባችሁ፦ ዕቃ ከየት ይያዝ? (ጥቆማ)

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ወንጪ ሐይቁ ዳር ማደር አምሮናል፤ ድንኳኑን፣ ልብሱን ከየት እናምጣ?» ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ብርዱን አትናቁት። የተራራው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ አለው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከድንኳኑ ይልቅ መኝታው ላይ አውጡት።

ድንኳን ተከራዩ። በዓመት አንዴ ለመውጣት መግዛት አያዋጣም። ግን ሳትዘረጉት እንዳትከፍሉ! እኔ አንዴ እንደታሸገ ተቀብዬ ሄድኩ። ሲመሽ ብንፈታው ካስማው ሦስት ብቻ ነው። የበሩ ዚፕ ደግሞ ግማሽ ድረስ መጥቶ ቀጥ አለ። ጠርዙን ድንጋይ ጭነንበት፣ በሩን በመርፌ ቁልፍ ይዘን አደርን። አሁን እዚያው ሱቁ ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ካስማውን ቆጥሬ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ ነው የምቀበለው።

ለጃኬት መርካቶ ሰልባጅ ተራን የሚያህል የለም። ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ሱቆች ያማረ ልብስ አላቸው፤ አብዛኛው ግን ለሩጫ የሚሆን ስስ ነው። ሰልባጅ ውስጥ ለበረዶ አገር የተሠራ ወፍራም ጃኬት ይገኛል። በጠዋት ሂዱ፣ ቦንዳ ሲፈታ።

ከስታዲየም የምትገዙት ሌላ ነገር ነው፦ የስፖርት ምንጣፍ። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ከላይ ሦስት ብትደርቡ ከታች ባዶ ከሆነ እንቅልፍ የለም። ስሊፒንግ ባግ ካጣችሁ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በቂ ነው። ጋቢ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ጥጥ ስለሆነ ጤዛ ከነካው ቶሎ አይደርቅም። ከውስጥ ልበሱት።

ስንቅ ከቤት ይሁን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስር አልበስል ብሎ ያስመሻችኋል። ምጥን ሽሮ ግን ወዲያው ይደርሳል።

መኪናን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ ከሚወጡት የጉዞ ቡድኖች ጋር ሂዱ። አምስት ስድስት ከሆናችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ይሻላል፤ በፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ። በአምቦም በወሊሶም ይደረሳል። የመንገዱን ሁኔታ ግን በዋዜማው ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

አሁን ወንጪ ሎጅም መንገድም ተሠርቶለታል፤ ሰው ይበዛል። ጭር ያለ የምትፈልጉ ደንዲን አስቡ። በጠባብ ውሃ የተያያዙ ሁለት ሐይቆች ናቸው፣ ከላይ ሲታዩ 8 ቁጥር ይመስላሉ። ወንጪን ከመረጣችሁ ደግሞ ለመመለሻው ፈረስ ማታውኑ ተነጋገሩ። ቁልቁለቱን እየዘፈናችሁ ብትወርዱም ሽቅብ ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ሌላ ነው።