የጎፍን በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ፦ ሰዓቱ፣ ውሃውና መንገዱ

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም ወገኖች። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ስምንት ሆነን ከኮምቦልቻ የጎፍ ተራራ ወጥተን በዚያው ቀን ለመመለስ አስበናል። ሦስታችን ረጅም ዳገት ወጥተን አናውቅም፤ ሁለቱ ደግሞ ከባቲ በኩል የሚመጡ ናቸው። በስንት ሰዓት እንነሳ? ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ውሃ ይበቃል? መንገድ ላይ ከሚገኘው ምንጭ መጠጣትስ ይቻላል ወይ? ስንመለስ ሸለቆውን ይዞ መውረድ በጣም ያሳጥራል የሚሉን ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው? እሁድ ደግሞ "ሐይቅ" ወደሚባለው የወሎ ሐይቅ ሄደን ለመዋኘት ነው ሐሳባችን። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

የሐረጎ ዳገት፦
ከሰዓቱ እንጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከሱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የየጎፍ አናት ደግሞ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ በእግራችሁ ትወጣላችሁ። ዳገት ያልለመደ ሰው በሰዓት የሚወጣው 300 ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ ቡድን ደግሞ የሚሄደው በደካማው እግር ነው። እረፍቱን ጨምራችሁ አራት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ለመውረጃው ሦስት ሰዓት መድቡ፤ ቁልቁለት ነው ብላችሁ አታሳንሱት፣ ጉልበት የሚከዳውም እግር የሚዞረውም ሲወረድ ነው።

ከግርጌው ንጋት 12 ሰዓት ላይ እግር ካነሳችሁ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አናቱ ላይ ናችሁ። የመመለሻ ሰዓታችሁን 6 ሰዓት አድርጉ። 6 ሰዓት ሲሞላ አናቱ እፊታችሁ ቢታይም ተመለሱ። ይህን ከቤት ሳትወጡ ተማምላችሁ ጨርሱት፣ ምክንያቱም እላይ ደርሶ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የሚያልቀው "ትንሽ ነው የቀረን" በሚለው ነው። ከቀትር በኋላ ከቆላው የሚነሳው ጉም ተረተሩን ይይዘዋል፤ ጉም ከያዘው በኋላ አሥር ሜትር ፊታችሁ ያለውን ዛፍ አታዩም።

አካሄዳችሁን በተመለከተ፣ ፊት የሚመራው ከሁሉ ቀርፋፋው ይሁን፣ ብርቱው ከኋላ ይምጣ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። በየሃምሳ ደቂቃው አምስት ደቂቃ ቆማችሁ አርፉ፤ ተዘርግታችሁ ከተቀመጣችሁ ላቡ ይቀዘቅዝና ጡንቻው ይያያዛል። ከባቲ የሚመጡት ዓርብ ማታ ኮምቦልቻ ቢያድሩ ይሻላል። 3,000 ሜትር ላይ ቀለል ያለ ራስ ምታት ሊያጋጥማቸው ይችላል፣ ያ የተለመደ ነው። ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ግን በእረፍትም በክኒንም አይታለፍም፤ ወዲያው ይውረዱ፣ ብቻቸውንም እንዳይሆኑ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከግርጌው ቀበሌ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ። ደኑ ጠባቂዎች ስላሉት እግረ መንገዳችሁንም ለነሱ ታሳውቃላችሁ። ከታች ባህር ዛፍና የፈረንጅ ፅድ የተተከለበት ነው፤ የባህር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ተዳፋት ላይ ሲረገጥ ያንሸራትታል፣ ተረከዛችሁን አስቀድማችሁ በዝግታ ርገጡ። ከዚያ በላይ የሀገሩ ፅድና ወይራ ይመጣል፣ ወደ አናቱ ስትጠጉ አስታ። እፅዋቱ ራሱ የት እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል።

ትልቁ የመሳሳቻ ምክንያት እንጨት ለቃሚዎች ግንድ የጎተቱበትን ቦይ መንገድ ብሎ መያዝ ነው። ሰውና በቅሎ የሚሄድበት መንገድ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ያለሳልሰዋል፤ የግንድ ቦይ ግን ቀጥ ብሎ ይወርድና ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። መንገዱ መጠማዘዙን ካቆመና ቀጥ ብሎ ከወረደ ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጅባራ፦
ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው። የሸለቆው ነገር ስላልተመለሰ እኔ ልጻፈው። በሸለቆ አትውረዱ! አያሳጥርም።

ምክንያቱ የወሎ ተራራ አሠራር ነው። ድንጋዩ ጥንት ፈስሶ እየተደራረበ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ሲቦረቡረው ተንሸራታች ሳይሆን እርከን እርከን እየሆነ ይወርዳል። አንዱን የሦስት ሜትር እርከን ዘላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ሦስተኛው አሥራ አምስት ሜትር ይሆንና ወደ ታች አይኬድም፣ ወደ ላይ ደግሞ የዘለላችሁትን መልሳችሁ መውጣት አትችሉም። ስልክም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ አያገኝም። ከተረተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሁለተኛው ጎርፍ ነው። የቦርከና ወንዝ ከኩታበር በኩል ተነስቶ በደሴ አልፎ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ የተራራው ትናንሽ ጅረቶችም እንዲሁ ናቸው። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ምልክቱን እወቁት፦ ጠርቶ የነበረው ውሃ ድፍርስ ቡናማ ይሆናል፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ከላይ የድንጋይ መጋጨት ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ አይደለም፤ ወደ ጎን ዳገቱን መያዝ ነው። ዕቃ ካመለጣችሁ ይሂድ።

መሻገር ግድ ከሆነ፣ ከጉልበት በላይ የሆነና የሚፈጥን ውሃ ውስጥ አትግቡ። የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ በዱላ እየደገፋችሁ በጎን እርምጃ ሂዱ። ጫማ አታውልቁ፤ ባዶ እግር የሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። ጎርፍ ከሆነ ግን ጠብቁት፤ የተራራ ጎርፍ ቶሎ እንደሚሞላ ቶሎ ይጎድላል።

ስለ መጠጡ፦ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ከቤት ይያዝ፣ ግማሹ ከመመለሻ ሰዓታችሁ በፊት ማለቅ የለበትም። ከምንጭ መቅዳት ካስፈለገ ከብት ከሚጠጣበት በላይ፣ ከመፍለቂያው ቅዱ፤ በነጠላ አጣሩት፣ አልቅት ጉሮሮ ውስጥ ከተጣበቀ ጣጣው ብዙ ነው። ካጣራችሁ በኋላ ውሃ አጋር በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድፍርስ ውሃ ሳይጣራ ከተጨመረበት መድኃኒቱ ጭቃው ላይ ያልቃል፣ ተሕዋስያኑ ይቀራሉ። ማፍላት ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ አንፈቅፍቃችሁ ሦስት ደቂቃ አቆዩት።

ከኮምቦልቻ በታች ያለውን የቦርከና ውሃ ግን አፍልታችሁም አትጠጡት። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ አለበት፤ ኬሚካል በመፍላት አይጠፋም።

ፅድ ሥር፦
አንድ ነገር ሁላችሁም ዘለላችሁት፣ ለኔ ግን ከሁሉ የሚቀድም ነው። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ውጊያ ነበር። ከፍታዎቹ ላይ ምሽግ ስታዩ አትግቡ፤ ዝገት የበላው ብረት፣ ሽቦ፣ የጥይት ሳጥን የመሰለ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ በድንጋይም አትምቱ፣ ለፎቶም አትጠጉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ቦታውን ለፖሊስ ንገሩ። ከተለመደው መንገድ አለመውጣት ዋናው መከላከያ ነው። ጸጥታውንም ከቀበሌው በዋዜማው ጠይቁ እንጂ ባለፈው ወር በሰማችሁት አትሂዱ።

ልብስ፦ አናቱ ከኮምቦልቻ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው የሚሰማችሁ። ጂንስ አትልበሱ፣ ከራሰ አይደርቅም። ጋቢ ያዙ ግን ላስቲክ ውስጥ ጠቅልሉት። የእግር ጥፍራችሁን በዋዜማው ቁረጡ፤ ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ አለዚያ ጣታችሁ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ውሎ ጥፍሩ ይጠቁራል።

ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን በቂ ነው። እሳት አታንድዱ፤ ሻይ ካማራችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ። አስታና ፅድ አንዴ ከተያያዘ በስምንት ሰው እጅ አይጠፋም፣ የተቃጠለ የሀገር ፅድ ደግሞ በእኛ ዕድሜ አይተካም። ላስቲኩንም የብርቱካኑን ልጣጭም ይዛችሁ ተመለሱ፣ ዝንጀሮ ሰው ጥሎ የሄደውን ከለመደ ቀጥሎ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከተረተሩ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ፅድ ሥር አትጠለሉ። ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ፣ መሬት ላይ አትተኙ።

ቦርከና ማዶ፦
እግዜር ይስጥልን፣ የሸለቆውን ነገር ትተነዋል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንዱ፣ ከመካከላችን እግሩ የዞረ ሰው ቢኖር እንዴት እናወርደዋለን? ሌላው፣ ስለ ሐይቁ ማንም አልጻፈም።

የሐረጎ ዳገት፦
እግር ሲዞር ጫማውን ወዲያው አታውልቁ፣ ካበጠ በኋላ አይገባም። ከላዩ በነጠላ ወይም በፋሻ ከጣት ሥር ጀምራችሁ ወደ ቁርጭምጭሚት በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠቅልሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ጠብቋልና አላሉት። አራት እርምጃ መራመድ ከቻለ በሁለት ዱላ እየተደገፈ ይውረድ። ካልቻለ እንደተሰበረ ቁጠሩትና ቃሬዛ ሥሩ።

ለቃሬዛ ሁለት ተኩል ሜትር የሆኑ ሁለት ጠንካራ እንጨቶች ያስፈልጋሉ፤ የቆመ ዛፍ አትቁረጡ፣ ከግርጌው ዱላ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ጋቢውን መሬት ላይ ዘርጉ፣ አንዱን እንጨት ሲሶው ላይ አኑሩና ጨርቁን አጥፉበት፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በሁለት ስንዝር ተኩል ርቀት በታጠፈው ላይ አስቀምጡና የቀረውን ጨርቅ መልሳችሁ እጠፉበት። የሰውየው ክብደት ራሱ ጨርቁን ይይዘዋል፣ መስፋት አያስፈልግም። ሰው ከመጫናችሁ በፊት ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩት። አራት ሰው ይሸከማል፣ በየአሥር ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ሲወረድ እግሩ ወደ ፊት፣ ራሱ ወደ ዳገቱ ይሁን። በቃሬዛ መውረድ ሰዓቱን እጥፍ ያደርገዋል። የመመለሻ ሰዓት 6 ይሁን ያልኩት ለዚህም ነው፤ ባትሪም ሳትይዙ አትውጡ፣ የስልክ መብራት ለጥሪ የሚያስፈልገውን ኃይል ይጨርሳል።

የሰውነቱ ውሃ ላለቀበት፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። በጉንጭ በጉንጭ ይጠጣ።

ጅባራ፦
ሐይቅን እኔ ልመልስ። ሐይቁ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። መዋኘት የማይችል ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳያደርግ ታንኳ ላይ አይውጣ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ታንኳ የምትይዙት ጠዋት ይሁን።

ለመዋኘት ግን እኔ አልመክርም። በዚያ ከፍታ፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ፣ ውሃው ረጋ ባለበት፣ ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ትሉ ቆዳ ሰንጥቆ ነው የሚገባው፣ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም። ቶሎ በፎጣ መድረቅም አስተማማኝ አይደለም። እግራችሁን ከነከራችሁ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሐይቅ ውስጥ እንደገባችሁ ንገሯቸው፤ ምርመራውም መድኃኒቱም ቀላል ነው፣ ችግሩ ሳይነገር ሲቀር ነው።

እሁድ በእግር ለመዋል ከፈለጋችሁ ግን ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ ውረዱ። አርዲቦ ከፍ ብሎ ያለው ሐይቅ ነው፣ ውሃው በአንካርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ራሱ መውጫ ወንዝ የለውም። ቅዳሜ ለደከመ እግር ቁልቁለቱ ይመቻል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ለመሳለም የሚሄዱ ካሉ፣ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ እህቶቻችሁ ይህን ቀድመው ይወቁትና ቀኑን በዚያ ልክ ያቅዱ።