ባለሁለት ገጽ ፒሲቢ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) በቤት ውስጥ፦ ሩቲንጉ (የመስመር ዝርጋታው) አላልቅ አለኝ፣ የጂኤስኤም ሞጁሉም ሪስታርት ያደርጋል

ካፓሲተር (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የውሃ ፓምፕ በስልክ መልእክት የሚያስነሳና የሚያጠፋ ቦርድ በኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። መጠኑ 100 በ80 ሚሜ፣ ባለሁለት ገጽ፣ በቶነርና በካውያ (የታተመውን ቶነር ከወረቀት ወደ መዳቡ በመተኮስ) ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ያሉት ዕቃዎች፦ በሶኬት የሚቀመጥ አትሜጋ328ፒ (ተቆጣጣሪው ቺፕ) ከ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ጋር፣ ሲም800ኤል የጂኤስኤም ሞጁል፣ ለሞጁሉ ኤልኤም2596፣ ለአትሜጋው 7805 (ሁለቱም ቮልቴጅ አሳንሰው የሚያረጋጉ ናቸው)፣ እንዲሁም የኮንታክተሩን (የፓምፑን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የ220 ቮልት ኮይል የሚያበራ ባለ12 ቮልት ሪሌይ። ሁሉንም መስመር 0.4 ሚሜ አድርጌዋለሁ። አውቶራውተሩ (መስመሩን በራሱ የሚስበው ፕሮግራም) 41 ቪያ (ሁለቱን ገጽ የሚያገናኝ ቀዳዳ) ተጠቅሞም 9 ግንኙነት ቀርቶታል። ይኸው ሰርኪዩት በባለአንድ ገጽ ቦርድ ላይ ሲሠራ ሞጁሉ ኔትወርክ በፈለገ ቁጥር ሪስታርት ያደርጋል። ቪያውን በምን ልሥራ? ሁለቱን ገጽ እንዴት ላገጣጥም? መስመሮቹስ ምን ያህል ይስፉ?

ኦህም
አውቶራውተሩ የሠራውን በሙሉ አጥፋው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቦርድ ቀዳዳው ውስጥ መዳብ የለውም፤ ፕሮግራሙ ግን እንዳለው ቆጥሮ ነው መስመር የሚስበው። የሶኬቱን እግር ከላይኛው ገጽ ጋር ሲያገናኝልህ ፕላስቲኩ ፓዱን (እግሩ የሚበየድበትን መዳብ) ስለሚሸፍነው ብየዳው አይደርስበትም። ስለዚህ መስመር ከመሳብህ በፊት እያንዳንዱ እግር የሚበየደው በየትኛው ገጽ እንደሆነ ወስን። ሶኬት፣ ሪሌይ፣ ተርሚናል ብሎክና ቋሚ ኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ከታች ብቻ ነው የሚበየዱት። ሪዚስተርና ዳዮድ ግን ከላይም ከታችም ስለሚበየዱ እግራቸውን በነፃ እንደ ቪያ ተጠቀምበት።

ላንተ ቦርድ የሚሻለው ሲግናሉን በሙሉ ከታች አድርጎ ላይኛውን ገጽ ሙሉ ግራውንድ (የጋራ መመለሻ መዳብ) መተው ነው። የግራውንድ እግር ያለበት ቦታ ሁሉ ከታች 2 ወይም 3 ሚሜ አጭር መስመር አውጥተህ በአንድ ቪያ ወደ ላይ አሻግረው። እንዲህ ሲሆን ቪያ የሚያስፈልገው ለግራውንድ ብቻ ነው።

የቀሩት 9 ግንኙነቶች ችግራቸው በአብዛኛው የዕቃ አቀማመጥ ነው። የአትሜጋው ዲጂታል እግሮች በፕሮግራም የሚለዋወጡ ናቸው፤ ሪሌዩ በስተቀኝ ካለ በስተቀኝ ያለውን እግር ስጠው። ቺፑን 90 ዲግሪ ማዞር ብቻውን ብዙ መጠላለፍ ይፈታል። በኪካድ ቀጫጭኖቹን የግንኙነት መስመሮች እያየህ ዕቃውን አንቀሳቅስ፤ መጠላለፉ ሳይቀንስ አንድም ትራክ አትጀምር።

ቴስተር
ሪስታርቱ ከ0.4 ሚሜው ነው የሚመጣው፤ አስላው። 35 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው መዳብ፣ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ለሆነ ቁራጭ 0.5 ሚሊኦህም ገደማ አለው። 100 ሚሜ ርዝመትና 0.4 ሚሜ ስፋት ያለው መስመር እንዲህ ያለ 250 ቁራጭ ነው፤ 0.125 ኦህም ይሆናል። ሲም800ኤል ሲያስተላልፍ ለ577 ማይክሮሰከንድ እስከ 2 አምፔር ስለሚስብ በመስመሩ ላይ ሩብ ቮልት ይጠፋል። ግራውንዱም እንደዚያው ቀጭን ከሆነ ግማሽ ቮልት ሆነ ማለት ነው። ሞጁሉ ከ3.4 ቮልት በታች አይሠራም፤ ከ4 ቮልት ላይ ግማሽ ቮልት ሲሄድ ጫፍ ላይ ቆመሃል። መስመሩን 2.5 ሚሜ ብታደርገው 20 ሚሊኦህም ይሆንና የሚጠፋው 0.04 ቮልት ብቻ ነው። ከሙቀት አንጻር ብቻ ከሆነ ለ2 አምፔር 0.8 ሚሜ ይበቃ ነበር፤ እዚህ የሚወስነው የቮልቴጅ መውደቅ ነው። ከሞጁሉ እግር በ10 ሚሜ ርቀት ውስጥ 1000 ማይክሮፋራድ ሎው ኢኤስአር (የውስጥ ኦህሙ ዝቅተኛ የሆነ) ካፓሲተርና 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ አስቀምጥ።

7805ቱን አውጣው። አትሜጋውን ከሞጁሉ ጋር በአንድ ቮልቴጅ ላይ አድርገውና ክሪስታሉን ወደ 8 ሜጋኸርዝ ቀይር። የሞጁሉ ሲግናል 2.8 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት የሚሠራ አትሜጋ «ከፍተኛ» ብሎ ለመቀበል 3.0 ቮልት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይስታል። ለኤልኤም2596 ከግራውንድ በኩል 1 ኪሎኦህም፣ ከውጤቱ በኩል 2.2 ኪሎኦህም ብታደርግ 1.23 × 3.2፣ ማለትም 3.94 ቮልት ታገኛለህ። ከአትሜጋው ወደ ሞጁሉ በሚሄደው ሲግናል ላይ በተከታታይ 4.7 ኪሎኦህም፣ ከሞጁሉ እግር ወደ ግራውንድ ደግሞ 10 ኪሎኦህም አድርግ፤ 2.7 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል። በአርዱዊኖ የምትጽፍ ከሆነ የ8 ሜጋኸርዝ ቦርድ ምረጥ፤ አለዚያ 9600 ያልከው ባውድ (የመላኪያ ፍጥነት) 4800 ሆኖ ይወጣል።

በኤልኤም2596 ዙሪያ የግቤቱ ካፓሲተር፣ ቺፑና 1ኤን5822 ዳዮዱ ተጠጋግተው ይቀመጡ። ውጤቱን የሚያነበው የፊድባክ መስመር (እግር 4) ከኤልኤም2596ቱ ኮይል (ኢንዳክተር) ርቆ ይሂድ፣ መነሻውም ከውጤቱ ካፓሲተር ላይ ይሁን። እግር 5ን ወደ ግራውንድ ማገናኘት አትርሳ።

ፊውዝ
ስለ 220 ቮልቱ ማንም አላነሳም፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። የላይኛው ግራውንድ በሪሌዩ ኮንታክቶችና በተርሚናሉ ስር እንዳያልፍ ኪፕአውት ዞን (የግራውንድ መዳብ የማይገባበት ክልል) በሁለቱም ገጽ አስቀምጥ። በ220 ቮልቱና በሌላው መዳብ ሁሉ መካከል ቢያንስ 6 ሚሜ፣ ቦታ ካለህ 8 ሚሜ ተው። ቦታው ከጠበበ በሪሌዩ ኮይልና በኮንታክቶቹ እግሮች መካከል ቦርዱን ሰንጥቀው። በ220 ቮልቱ መስመር ላይ ፊውዝ ይኑር። ከኮንታክተሩ ኮይል ጋር ትይዩ 100 ኦህምና ኤክስ2 ዓይነት (ለ220 ቮልት መስመር የተሠራ) 100 ናኖፋራድ በተከታታይ አድርግ፤ ኮይሉ ሲጠፋ የሚፈጠረው ብልጭታ ራሱን የቻለ የሪስታርት ምክንያት ነው። ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በሪሌዩ በኩል ቢሲ337 ትራንዚስተር፣ ለቤዙ 1 ኪሎኦህም፣ ከሪሌዩ ኮይል ጋር 1ኤን4007 ዳዮድ ይበቃል።

ፑንታ
ስለ ማገጣጠሙ። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትምና ከአትሜጋው ፓዶች የመጀመሪያውን እስከ 14ኛው ለካ፤ 33 ሚሜ መሆን አለበት። ካነሰ ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር ለማስማማት አሳንሶታል፤ መጠኑን 100 በመቶ አድርገው። ታችኛውን ገጽ ሳትገለብጥ፣ ላይኛውን ገልብጠህ አትም። ይህ ከተዛባ ቦርዱ በሙሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ በላዩ ላይ አንድ ፊደል ጽፈህ አትም፤ ወረቀቱ ላይ የላይኛው ገጽ ፊደል ተገልብጦ መታየት አለበት።

ሁለቱን ወረቀት አጣብቆ በአንድ ጊዜ መተኮስ ይንሸራተታል። የላይኛውን መዳብ በፕላስተር ሸፍነህ ታችኛውን ብቻ ሥራ። ከዚያ አራቱን የማዕዘን ቀዳዳ በ0.8 ሚሜ ፑንታ ብሳ፣ በቀዳዳዎቹ መርፌ አሳልፈህ የላይኛውን ወረቀት አስተካክል፤ አሁን ደግሞ ታችኛውን ሸፍነህ ላይኛውን ሥራ። ላይኛው ግራውንድ ብቻ ስለሆነ በፓዶቹ ዙሪያ 0.8 ሚሜ ክፍተት ከተውክ 0.3 ሚሜ ቢዛነፍም አይነካካም። ፌሪክ ክሎራይዱ (መዳቡን የሚበላው ፈሳሽ) 40 ዲግሪ ገደማ ሞቅ ይበል፤ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ጓንት አድርግ፣ ያገለገለውን ማጠቢያ ውስጥ አትድፋው።

ቪያውን በ0.8 ሚሜ ብሳው፣ ፓዱ 2 ሚሜ ይሁን። ከሪዚስተር የተቆረጠ እግር አስገብተህ በሁለቱም ገጽ እጠፈውና በየድ። ሶኬቱና ሞጁሉ ከመቀመጣቸው በፊት ቪያው በሙሉ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ እያንዳንዱን በቴስተር አረጋግጥ።

ካፓሲተር (ጠያቂ)
አምላክ ይስጥልኝ። በተባለው መሠረት ዕቃዎቹን አዛውሬ ሁሉም ከታች አለቀ፤ ሁለት መስመሮች ግን አሁንም ይጠላለፋሉ። ወደ ላይ ላሻግራቸው?

ኦህም
አይ፤ ግራውንዱን አትቁረጠው፤ ሽፋን ያለው ሽቦ ከላይ አሻግር። መዳቡን ቆርጠህ ረጅም መስመር ከሳብክ ከስሩ የሚያልፈው ሲግናል መመለሻው ይርቃል፤ ሲም800ኤል ባለበት ቦርድ ላይ ይህ ራሱን ይገልጣል። በተለይ ከሞጁሉ ወደ ኤልኤም2596 በሚወስደው መንገድ ላይ ምንም ቁራጭ አይኑር። ከመታተሙ በፊት የግራውንዱን ዞን ሙላና ዲአርሲ (የንድፍ ስህተት መፈተሻ) አሂድ፤ ገደቦቹን 0.4 ሚሜ ለመስመር፣ 0.4 ሚሜ ለክፍተት አድርግ። ከዚያ ግራውንዱን በዓይንህ ተከታተለው፤ በፓዶች መካከል ተከብቦ የቀረ ደሴት ካየህ ወይ በቪያ አገናኘው ወይ አጥፋው።